ዓመታዊ ፓስ መቼ ያዋጣል? የዲዝኒላንድ ዋጋዎችና የቤተሰብ በጀት ስሌት

መግቢያ

በካሊፎርኒያ ግዛት አናሃይም ከተማ የሚገኘው ዲዝኒላንድ ለረጅም ዓመታት ሲሸጠው የቆየውን ዓመታዊ የመግቢያ ፓስ በጃንዋሪ 2021 አቋረጠ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፓርኩ በወረርሽኙ ምክንያት ከማርች 2020 ጀምሮ ተዘግቶ ነበርና ፓስ ለገዙ ደንበኞች ተገቢው ገንዘብ እንዲመለስላቸው ተደረገ። በዚያው ዓመት ኦገስት ወር ግን «ማጂክ ኪ» የተባለ አዲስ ዓመታዊ ፓስ በአራት ደረጃ ለገበያ ቀረበ። የአንድ ሰው ዋጋ ከዝቅተኛው ጀምሮ ለ«ኢማጅን» 399፣ ለ«ኤንቻንት» 649፣ ለ«ቢሊቭ» 949፣ ለ«ድሪም» 1,399 ዶላር ነበር። ዝቅተኛው የሚሸጠው ለደቡብ ካሊፎርኒያ ነዋሪዎች ብቻ ነው።

ለብቸኛ ገዢ ይህ የትርፍ ገንዘብ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ሦስት ወይም አራት ሰው ላለበት ቤተሰብ ግን ወጪው በሎስ አንጀለስ የአንድ ወር የቤት ኪራይ ያህል ይደርሳል። ያም ሆኖ ውሳኔው ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው በአንዲት የማካፈል ስሌት ነው፦ የፓሱ ዋጋ ለአንድ ቀን ትኬት ዋጋ ይካፈልና የሚገኘው ቁጥር «ፓሱ ወጪውን የሚመልስበት» የጉብኝት ብዛት ተደርጎ ይወሰዳል። ከዚያ ቁጥር በላይ የሄደ አተረፈ፤ በታች የሄደ ከሰረ ይባላል።

ይህ ጽሑፍ የማካፈል ስሌቱ የተሳሳተ ጥያቄ እንደሚመልስ ለማሳየት ይሞክራል። ፓሱን በእጁ የያዘ ሰው ስንት ጊዜ እንደሚሄድ ማወቅ ብቻውን ስለ ትርፍና ኪሳራ የሚናገረው ጥቂት ነው። መታወቅ ያለበት ፓሱ ባይኖር ከኪሱ እየከፈለ ስንት ጊዜ ይሄድ እንደነበርና ፓሱ ያስጨመረለት እያንዳንዱ ጉብኝት ለእርሱ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ነው።

በየትኛው ዋጋ ይካፈል?

የማካፈሉ ስሌት በራሱ መንገድ እንኳ ቢሄዱበት የመጀመሪያ እንቅፋቱ ከአካፋዩ ላይ ይጀምራል። በኦገስት 2021 ለአዋቂ የአንድ ቀን፣ የአንድ ፓርክ ትኬት እንደ ቀኑ ከ104 እስከ 154 ዶላር ያወጣ ነበር። የ649 ዶላሩ ፓስ ለ154 ሲካፈል በአምስተኛው ጉብኝት ወጪውን ይመልሳል፤ ለ104 ሲካፈል ግን ሰባተኛውን ጉብኝት ይጠብቃል። የ1,399 ዶላሩ ልዩነት ይበልጥ ይሰፋል፤ በመጀመሪያው አካፋይ አሥር፣ በሁለተኛው አሥራ አራት ጉብኝት ይጠይቃል።

ትክክለኛው አካፋይ የትኛው ነው? መልሱ ያለው በፓሱ ዝግ ቀናት ውስጥ ነው። ርካሾቹ ፓሶች ፓርኩ በሚጨናነቅባቸው ቀናት፣ ማለትም በአብዛኞቹ ቅዳሜና እሑዶች፣ በበጋው የትምህርት ዕረፍትና በበዓላት ሰሞን በር አይከፍቱም። የአንድ ቀን ትኬት ወደ 154 ዶላር የሚጠጋውም በእነዚሁ ቀናት ነው። ስለዚህ መካከለኛውን ፓስ ይዞ ለ154 የሚያካፍል ሰው ካርዱ በማይሠራበት ቀን ዋጋ እያካፈለ ነው። ለርካሽ ፓስ የሚስማማው አካፋይ የርካሽ ቀን ዋጋ ነው፤ ይህ እርማት ብቻውን ብዙ ደስ የሚሉ ስሌቶችን ያፈርሳል።

ሌላም ተመሳሳይ ስሕተት አለ። አራቱም ፓሶች በአንድ ቀን ሁለቱንም ፓርኮች፣ ማለትም ዲዝኒላንድንና አጠገቡ ያለውን ዲዝኒ ካሊፎርኒያ አድቬንቸርን፣ እየተዘዋወሩ ለመጎብኘት ያስችላሉ። ይህን የሚፈቅደው የአንድ ቀን ትኬት ከተራው ትኬት በጣም ይወደዳልና በእርሱ የሚያካፍሉ አሉ። ስሌቱ የሚጸናው ግን ፓሱ ባይኖር ገዢው ያንን ውድ ትኬት ይገዛ ከነበረ ብቻ ነው። ፈጽሞ የማይገዛውን ነገር በሙሉ ዋጋው «አተረፍኩ» ብሎ መመዝገብ የሒሳብ ሥራ አይደለም።

ከኩፖን ደብተር እስከ ዓመታዊ ፓስ

ጉዳዩን ከሻጩ ወገን ማየት ነገሩን ያጠራዋል፤ ዲዝኒላንድም ለዚህ የሚመች ታሪክ አለው። ፓርኩ በጁላይ 1955 ሲከፈት ጎብኚው ለመግቢያ ለብቻው፣ ለእያንዳንዱ መጫወቻም ለብቻው ይከፍል ነበር። ከዚያው ዓመት ኦክቶበር ጀምሮ በፊደል ደረጃ የወጣላቸው ኩፖኖች ያሉት ደብተር መሸጥ ተጀመረ። በ1959 የተጨመረው የ«ኢ» ኩፖን ለታላላቆቹ መጫወቻዎች የተመደበ ነበር። ሥርዓቱ እስከ 1982 ከዘለቀ በኋላ በበሩ አንድ ጊዜ ከፍሎ ቀኑን ሙሉ ያለ ገደብ የሚጫወቱበት ትኬት ተካው።

ኢኮኖሚስቱ ዋልተር ኦይ በ1971 በኳርተርሊ ጆርናል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ያሳተመው ጥናት መነሻው ይኸው ፓርክ ነበር። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፦ የመዝናኛ ፓርክ ባለቤት በበሩ ከፍተኛ ገንዘብ ተቀብሎ መጫወቻዎቹን በነጻ ቢለቅ ይሻለዋል ወይስ በሩን ከፍቶ በእያንዳንዱ መጫወቻ ላይ ውድ ዋጋ ቢያስከፍል? የኦይ ትንተና በጥቅሉ እንዲህ ይላል፦ ጎብኚዎች ተመሳሳይ ፍላጎት ካላቸው ለሻጩ የሚበጀው ለእያንዳንዱ መጫወቻ የሚጠየቀውን ዋጋ አንድ ተጨማሪ ሰው ለማስተናገድ ወደሚያስፈልገው ወጪ ዝቅ ማድረግ፣ ጎብኚው ከዚህ የሚያገኘውን እርካታ ደግሞ አስቀድሞ በበሩ ክፍያ መሰብሰብ ነው። ይህ ባለ ሁለት ክፍል ታሪፍ ይባላል።

ዓመታዊ ፓስ ይህንኑ አሠራር አንድ ደረጃ ከፍ ያደርገዋል። በቀን ትኬት ሥርዓት መጫወቻው ነጻ ሆኖ በሩ ያስከፍላል፤ በፓስ ሥርዓት በሩም ነጻ ይሆንና ዓመቱ ያስከፍላል። ገዢው አንዴ ከከፈለ በኋላ የሚቀጥለው ጉብኝት የበር ዋጋ ዜሮ ነውና ትንሽም ቢሆን ደስታ እስካገኘ ድረስ መሄዱን ይቀጥላል። የማካፈል ስሌቱ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዋጋው ዜሮ ስለሆነ ብቻ የተደረገውን ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ጉብኝት እንደ መጀመሪያው ሁሉ በ104 ዶላር ተምኖ ይደምረዋል።

አንድ ቤተሰብ በምሳሌነት

ነገሩን በቁጥር ለማየት በሎስ አንጀለስ፣ ከ2002 ጀምሮ «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ ከተሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና ሠፈር አካባቢ የሚኖር አንድ ቤተሰብ እንዳለ ይታሰብ። አባትና እናት፣ የስድስት ዓመት ልጅና የሁለት ዓመት ሕፃን አሉ። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን በነጻ ስለሚገባ የሚያስፈልጉት ፓሶች ሦስት ናቸው። ፓሱ ለልጅ የተለየ ቅናሽ የለውም፤ በመሆኑም የ649 ዶላሩ ፓስ ለሦስቱ 1,947 ዶላር ይሆናል። የርካሽ ቀን ትኬት ለሦስቱ 312 ዶላር ነው። የልጅ ትኬት በጥቂት ዶላር ቢቀንስም ስሌቱ እንዳይወሳሰብ እኩል ተደርጎ ተወስዷል።

ቤተሰቡ ከእያንዳንዱ ጉብኝት የሚያገኘው እርካታ በገንዘብ ይተመን። መለኪያው «ለዚህ ቀን እስከ ስንት ለመክፈል ፈቃደኞች ነን?» የሚለው ጥያቄ ነው፤ ከዚያ ላይ የመኪና ማቆሚያ፣ የቤንዚንና የምግብ ወጪ ይቀነሳል። ይህ ቅነሳ የሚዘነጋ ቢሆንም ወሳኝ ነው። ነጻ የተባለው ጉብኝት በሩ ላይ ብቻ ነጻ ነው፤ ወደ 55 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው መንገድ፣ የማቆሚያው ሒሳብና ልጁ የሚለምነው አይስክሬም በየጊዜው አዲስ ናቸው። ወጪዎቹ ከተቀነሱ በኋላ የመጀመሪያው ጉብኝት 520፣ ሁለተኛው 380፣ ሦስተኛው 260፣ አራተኛው 170፣ አምስተኛው 100፣ ስድስተኛው 50፣ ሰባተኛው 20 ዶላር ያወጣል እንበል። ስምንተኛው ምንም አያወጣም። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ግምቶች ናቸው፤ የማሽቆልቆላቸው ነገር ግን ግምት ብቻ አይደለም፣ በአንድ ዓመት ውስጥ አንዱን ፓርክ ደጋግሞ ያየ ሁሉ የሚያውቀው ነው።

ቤተሰቡ ፓሱን ገዝቶ ሰባት ጊዜ ይሄዳል። በማካፈሉ ስሌት ሰባት ጉብኝት በ312 ሲባዛ 2,184 ዶላር ይሆናል፤ ፓሱ 1,947 ስለወጣበት «237 ዶላር አተረፍን» ይላል። ቤተሰቡ በእርግጥ ያገኘው እርካታ ሲደመር ግን 1,500 ዶላር ነው። ለዚህ የከፈለው 1,947 ነውና በ447 ዶላር ከስሯል።

ፓሱን ባይገዛስ? ሁለት ጊዜ ብቻ ይሄድ ነበር፤ ምክንያቱም የመጀመሪያውና የሁለተኛው ጉብኝት እርካታ ከ312 ዶላር ይበልጣል፣ የሦስተኛው ግን ያንሳል። ለሁለቱ 624 ዶላር ከፍሎ የ900 ዶላር እርካታ ያገኝና 276 ዶላር ይተርፈዋል። ስለዚህ በሁለቱ አማራጮች መካከል ያለው ርቀት 723 ዶላር ነው፤ ቤተሰቡ ራሱን እንደ አትራፊ በቆጠረበት ዓመት ይህን ያህል አጥቷል። የእርካታ ግምቶቹ ሁሉ በግማሽ ከፍ ቢደረጉ እንኳ የውጤቱ አቅጣጫ አይለወጥም። ፓሱ ያኔ 303 ዶላር ያስተርፋል፤ በየጊዜው ትኬት እየገዙ ሦስት ጊዜ መሄድ ግን 804 ዶላር ያስተርፋል።

ሁለተኛ ቤተሰብ ይታሰብ። አንዲት እናትና የአምስት ዓመት ልጅዋ ከፓርኩ የሩብ ሰዓት መንገድ ርቀው ይኖራሉ። የሚሄዱት በሥራ ቀን ወደ ማምሻው ነው፤ ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይተው፣ አንድ ሁለት መጫወቻ አይተው፣ እራታቸውን ቤታቸው ይበላሉ። የመጀመሪያው ጉብኝት እርካታ 260 ዶላር ብቻ ይሁን፤ ግን በየጊዜው የሚቀንሰው በአሥር ዶላር ነው። በየጊዜው 208 ዶላር ለትኬት ቢከፍሉ ስድስት ጊዜ ሄደው 162 ዶላር ይተርፋቸዋል። ሁለት ፓስ በ1,298 ዶላር ገዝተው አሥራ ሁለት ጊዜ ቢሄዱ ግን እርካታቸው 2,460 ይደርስና 1,162 ዶላር ይተርፋቸዋል። ለእነርሱ ፓሱ ያለ ጥርጥር ያዋጣል።

በማካፈሉ ስሌት ሁለቱ ቤተሰቦች አንድ ናቸው፤ ለሁለቱም መልሱ «ሰባት ጊዜ» ነው። የሚለያያቸው የእርካታቸው መውረጃ ፍጥነት ነው። የመጀመሪያው ቤተሰብ ፓርኩን እንደ ድግስ ያየዋል፤ ቀኑን ሙሉ ይለፋል፣ ሁሉን ያያል፣ ሲመለስ ለወራት ይበቃዋል። ሁለተኛው እንደ ሠፈር መናፈሻ ይጠቀምበታል። ዓመታዊ ፓስ የሚስማማው ለዚህ ለሁለተኛው ዓይነት ኑሮ ነው።

ሰው የራሱን ነገ ሲገምት

እስካሁን ቤተሰቡ ስንት ጊዜ እንደሚሄድ አስቀድሞ በትክክል ያውቃል ተብሎ ነበር። ይህ በጣም ለጋስ ግምት ነው። ስቴፋኖ ዴላቪኛና ኡልሪኬ ማልሜንዲየር በ2006 በአሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው ያሳተሙት ጥናት በሦስት የአሜሪካ የስፖርት ማዘውተሪያዎች የተመዘገቡ 7,752 አባላትን መዝገብ መርምሯል። በወር ከ70 ዶላር በላይ ቋሚ ክፍያ የመረጡት በአማካይ የመጡት በወር 4.3 ጊዜ ብቻ ነው፤ በዚህም ለአንድ ጉብኝት ከ17 ዶላር በላይ ከፍለዋል። በዚያው ቦታ የአሥር ጊዜ ካርድ ቢገዙ አንዱ ጉብኝት 10 ዶላር ነበር። አባላቱ በአባልነት ቆይታቸው በአማካይ 600 ዶላር ያህል ማዳን ይችሉ እንደነበር ተሰልቷል። ይህ የሆነው ሒሳብ ስለማያውቁ አይደለም። በምዝገባው ቀን የገመቱት የነገውን ትጉህ ራሳቸውን ነው፤ ነገ የመጣው ግን የትናንቱ ሰው ነበር።

የመዝናኛ ፓርክ ከስፖርት ማዘውተሪያ ይለያል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ሰው ለመዝናናት ራሱን ማስገደድ አያስፈልገውምና። ተቃውሞው በከፊል ትክክል ነው። ሆኖም ጉብኝትን የሚያስቀረው ስንፍና ብቻ አይደለም። የሥራ ፈረቃ ይለወጣል፣ ልጅ ይታመማል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ሙቀቱ ይበረታል። እነዚህ ነገሮች አንድ በአንድ ሲታዩ አጋጣሚዎች ናቸው፤ በዓመት ውስጥ ሲደመሩ ግን የማይቀሩ ናቸው። ፓስ የሚገዛ ሰው ዕቅዱን የሚያወጣው አጋጣሚ በሌለበት ዓመት ላይ ነው።

የተከፈለ ገንዘብ ራሱ ደግሞ በባሕርይ ላይ ይሠራል። ሃል አርክስና ካትሪን ብሉመር በ1985 ባሳተሙት ጥናት በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር የዓመቱን ትኬት ለመግዛት ከመጡት መካከል ለአንዳንዶቹ በዕጣ ቅናሽ እንዲደረግላቸው አድርገዋል። ሙሉውን 15 ዶላር የከፈሉት በመጀመሪያው ግማሽ ዓመት ከቀረቡት አምስት ቴአትሮች በአማካይ 4.11 ሲያዩ ቅናሽ ያገኙት 3.3 ያህል ብቻ አይተዋል። ትኬቱ የሚያሳየው ቴአትር ለሁሉም አንድ ነበር፤ ልዩነቱን የፈጠረው ሊመለስ የማይችለው ገንዘብ ነው። በሁለተኛው ግማሽ ዓመት ልዩነቱ ጠፋ። ጆን ጉርቪልና ዲሊፕ ሶማን በ1998 ያወጡት ሥራም በየስድስት ወሩ በሚከፈልበት የስፖርት ማዘውተሪያ የአባላት መምጣት በክፍያው ሰሞን እንደሚጨምርና እየቆየ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ለፓስ ገዢው ትርጉሙ ድርብ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ገንዘቡ እንዳይባክን ብሎ ደክሞትም ይሄዳል፤ እነዚህ ጉብኝቶች በማካፈሉ ስሌት «ትርፍ» ተብለው ሲመዘገቡ በእርካታ መዝገብ ግን ኪሳራ ናቸው። በኋለኞቹ ወራት ደግሞ የከፈለው ገንዘብ ከሐሳቡ ይርቅና ካርዱ በኪስ ቦርሳ ውስጥ ይከርማል። ለካሊፎርኒያ ነዋሪዎች የተፈቀደው የአሥራ ሁለት ወር የክፍፍል አከፋፈል በዚህ ረገድ ሁለት ፊት አለው። ወለድ ስለሌለው ለበጀት ይመቻል፤ በየወሩም ክፍያውን ያስታውሳል። በአንጻሩ 1,947 ዶላርን ወደ ትናንሽ የወር ክፍያዎች ስለሚከፋፍለው ውሳኔው በሚሰጥበት ዕለት ትልቁ ቁጥር ከዓይን ይሰወራል። ከሁለቱ የሚያመዝነው ሁለተኛው ይመስላል፤ ምክንያቱም ማስታወሻው የሚመጣው ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ ነው።

የፓሱ ትክክለኛ ጥቅም

ከላይ ያለው ሁሉ ፓስ የሞኝ ግዢ ነው የሚል መደምደሚያ ቢሰጥ ስሕተት ይሆናል። አንያ ላምብሬክትና በርንድ ስኪየራ በ2006 በኢንተርኔት አገልግሎት ደንበኞች ላይ ባደረጉት ጥናት ሰዎች ከአጠቃቀማቸው አንጻር ውድ የሆነውን ቋሚ ክፍያ የሚመርጡባቸውን ምክንያቶች ለይተዋል። አንዱ አጠቃቀምን አብዝቶ መገመት ነው፤ እርሱ ከላይ ታይቷል። ሌላው የመድን ባሕርይ ነው፦ የወጪው መጠን አስቀድሞ መታወቁ በራሱ ዕረፍት ይሰጣል። ሦስተኛው የታክሲ ቆጣሪ ውጤት ተብሎ ይጠራል። ቆጣሪ ባለው ታክሲ የተሳፈረ ሰው መንገዱንና መልክዓ ምድሩን ትቶ ዓይኑን ከሚዘለው ቁጥር ላይ ይተክላል፤ ቆጣሪው ጉዞውን ያበላሽበታል። ስለዚህ ቆጣሪውን ለማስቆም ብቻ ተጨማሪ መክፈል ምክንያታዊ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሦስተኛው ምክንያት በመዝናኛ ፓርክ ትልቅ ቦታ አለው። ለሦስት ሰው 312 ዶላር ከፍሎ የገባ አባት ልጁ ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ሲያሸልበው ይበሳጫል፤ አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስጠብቅ ሰልፍ ቢያይም «ለዚህ ነው የከፈልኩት» ብሎ ይሰለፋል። ፓስ ያለው አባት ልጁን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የመጀመሪያዎቹ ጉብኝቶች በዚህ ምክንያት የተሻሉ ከሆኑ ጥቅሙ እውነተኛ ነውና በስሌቱ ውስጥ በገንዘብ ተተምኖ መግባት ይገባዋል። በመጀመሪያው ቤተሰብ ምሳሌ ግን 723 ዶላሩን መሙላት አለበት። ቤተሰቡ «ሳንጣደፍ ለመመለስ 723 ዶላር እንከፍላለን?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅና መልሱ አዎ ከሆነ ግዢው ትክክል ነው፤ ከማካፈሉ ስሌት ጋር ግን ግንኙነት የለውም።

በር የማይከፍት ፓስ

በ2021ዱ ሥርዓት አንድ አዲስ ነገር ተጨምሮ ነበር። ፓስ የያዘ ሰው ወደ ፓርኩ ለመግባት ቀኑን አስቀድሞ መያዝ ነበረበት፤ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው የቀን ብዛትም እንደ ፓሱ ደረጃ ሁለት፣ አራት ወይም ስድስት ነበር። በዚህ ምክንያት ፓሱ የመግባት መብት ከመሆን ወርዶ ቀን የመጠየቅ መብት ሆነ። ዝግ ቀን የለውም ተብሎ የተሸጠው የ1,399 ዶላሩ «ድሪም» ፓስ በኦክቶበር 2021 ሽያጩ ቆመ፤ በዲሴምበር አንዲት የፓሱ ባለቤት ክስ አቀረበች። የክሱ ጭብጥ የአንድ ቀን ትኬት እየተሸጠ ባለባቸው ቀናት ለፓስ ባለቤቶች ቦታ የለም ይባል ነበር የሚል ነው። ኩባንያው ጥፋተኝነቱን ሳያምን ጉዳዩ በ2023 በ9.5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ፤ ገንዘቡ ከ100,000 በላይ ለሆኑ የፓሱ ባለቤቶች የሚከፋፈል ነበር። በኦገስት 2022 የ«ድሪም»ን ቦታ የተካው «ኢንስፓየር» በ1,599 ዶላር ሲቀርብ በገና ሰሞን ዝግ ቀናት እንዳሉት በግልጽ ተጽፎበታል።

ከበጀት አንጻር የዚህ ውጤት ቀላል አይደለም። ቀን አስቀድሞ መያዝ ግድ ሲሆን ከላይ የተጠቀሰው የታክሲ ቆጣሪ ጥቅም ግማሹ ይጠፋል፤ «ዛሬ ማታ አየሩ ደስ ይላል፣ እንሂድ» የሚለው ነጻነት ለእናትና ልጁ ቤተሰብ የፓሱ ዋና ዋጋ ነበርና። ለእነርሱ ቀን ማስያዝን የሚጠይቅ ፓስና የማይጠይቅ ፓስ ዋጋቸው አንድ ቢሆንም ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው።

የውሳኔው አካሄድ

ለቤተሰብ የሚስማማው አካሄድ ከማካፈል ይልቅ ከቀን መቁጠሪያ ይጀምራል። በመጀመሪያ ያለፈው ዓመት ይወሰዳል፤ ቤተሰቡ በእርግጥ ነጻ የነበረባቸው ቀናት ከዚህ ዓመት የፓሱ ዝግ ቀናት ጋር ጎን ለጎን ይነጻጸራሉ። የሚሄዱባቸው ቀናት በወርና በቀን ይጻፋሉ፤ «በየወሩ» ወይም «ሲመቸን» የሚል መልስ አይቆጠርም። እዚህ ላይ ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች አንድ ትንሽ ምቾት አለ። እንቁጣጣሽና መስቀል የሚውሉት በሴፕቴምበር፣ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ተከፍተው ፓርኩ ረገብ በሚልበት ወቅት ነው፤ በዓሉ በሥራ ቀን ከዋለ ርካሹ ፓስም በሩን ሊከፍት ይችላል። ልጁን ከትምህርት ማስቀረቱ ግን ሌላ ወጪ ነው፤ እርሱም ይቆጠራል።

ቀጥሎ በተጻፈው እያንዳንዱ ቀን አጠገብ «ፓስ ባይኖረን በዚህ ቀን 312 ዶላር ከፍለን እንሄድ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ይመለሳል። አዎ የተባለባቸው ቀናት በትኬት ዋጋ ይተመናሉ። አይደለም የተባለባቸው ቤተሰቡ ለመክፈል ፈቃደኛ በሚሆንበት ዝቅተኛ ዋጋ ይተመናሉ፤ ከዚያም ላይ የመንገዱ፣ የማቆሚያውና የምግቡ ወጪ ይቀነሳል። ድምሩ ከፓሱ ዋጋ ጋር ይነጻጸራል። ጎን ለጎንም የብዙ ቀን ትኬት መታየት አለበት፤ የቀኑን ዋጋ በእጅጉ ቢያወርድም በጥቂት ቀናት ውስጥ ተጠቅመው መጨረስን ስለሚጠይቅ የሚበጀው ዕረፍት ለወሰደ ቤተሰብ ነው።

ጥርጣሬ ካለ መጠበቅ ይሻላል። አንድ ቀን በተራ ትኬት ሄዶ የማየት ወጪ የታወቀ ነው፤ ያለ ልክ የተገዛ ፓስ ግን አይመለስም። መጠበቅን የሚያከብደው ሽያጩ ሊቆም ይችላል የሚለው ፍርሃት ነው፤ በ2021 መጨረሻ ሁለቱ ውድ ፓሶች ከገበያ መውጣታቸውም ፍርሃቱን አጠንክሮታል። ይሁንና ለመጀመሪያው ቤተሰብ ሽያጩ መቆሙ ጉዳት አልነበረውም፤ ያመለጠው የ447 ዶላር ኪሳራ ነው።

ፓሱን ለሁለተኛ ዓመት ለማደስ የሚወስን ቤተሰብ የተሻለ ማስረጃ በእጁ አለ፤ የሄደባቸው ቀናት ተመዝግበዋል። ሆኖም ሲያድስ የዓመቱን ጉብኝቶች በሙሉ ሳይሆን የመጨረሻዎቹን አራት ወይም አምስት ወራት ቢመለከት ይሻላል፤ የመጀመሪያዎቹ ወራት በአዲስነትና በተከፈለው ገንዘብ ግፊት ያበጡ ናቸውና። በምሳሌው ቤተሰብ ዘንድ ደግሞ የዕድሳቱ ጊዜ ሲደርስ አንድ ተጨማሪ ቁጥር ይገባል። ሕፃኑ ሦስት ዓመት ስለሚሞላው የሚገዙት ፓሶች አራት ይሆናሉ፤ በ2021 ዋጋ እንኳ ቢሰላ 2,596 ዶላር ነው።